ራሷ የምትቆመው መኪና

ዱባለ በዚያ ጠዋት ሞላሌ መግቢያ ላይ ፈረሱን ቦራን ሲያሽሞነሙን ላየው ሰው፣ የሚዳረው እሱ ራሱ ይመስል ነበር። በርኖሱን ደርቧል፤ ልጓሙን በቀይ ክር አስጊጧል፤ ጢሙን ገና መላጨቱ ስለሆነ ውርጩ ጉንጩን ያቃጥለዋል። «ኧረ የት ቀሩ እነዚህ ሰዎች!» ይላል በየደቂቃው። መልስ ነው እንግዲህ። የእህቱ የይታይሽ ልጅ ህሊና እሁድ ተድራ ወደ ደብረ ብርሃን ሄዳ ነበር፤ ዛሬ ከባሏ ከመሳፍንት ጋር ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። አጎት ሆኖ፣ ስድስት ፈረሰኛ አሰልፎ ሙሽራ የማይቀበል ሰው በመንዝ ምድር ካለ እስቲ ስሙን ጥሩልኝ።

መጡ። ከኋላ ያለው አይሱዙ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ጢም ብሎበት፣ ከበሮው እየተደለቀ፣ ጭሱን እየተፋ። የፊተኛዋ ግን ነጭ፣ ዝቅ ያለች፣ የምታብረቀርቅ፣ ድምፅ የሌላት መኪና ነበረች። ድምፅ የላትም ስል ትንሽ ድምፅ አላት ማለቴ አይደለም፤ የላትም! ቦራ እንኳ አጠገቡ እስክትደርስ ድረስ ጆሮውን አላቆመም፤ ከደረሰች በኋላ ግን ደንግጦ ሁለት ክንድ ወደ ጎን ዘለለ። የኤሌክትሪክ መኪና መሆኗ ነው። ባለቤቷ ታሪኩ የሙሽራው ሚዜ ነው፤ ከገዛት ገና ወር አልሞላውም፤ ስለ እሷ ሲያወራም የታጨችለትን ልጅ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ከሞላሌ ወጥተው አስፋልቱ ሜዳውን ሰንጥቆ ሲዘረጋ ፈረሰኞቹ ግራና ቀኝ ሆነው ግልቢያውን ለቀቁት። ያን ጊዜ ነው የዱባለ አብሮ አደግ መኳንንት ሞቅ ብሎት ፈረሱን ከመኪናዋ አፍንጫ ስር ሰንጥቆ ያሻገረው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሹፌር ጥሩምባ ይነፋል፣ ይሳደባል፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የፈረሱንም የጋላቢውንም ዘር ማንዘር ይጠራል። መኪናዋ ግን ቀጥ አለች። ታሪኩም መስኮቱን አውርዶ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«እጄን እዩ! እግሬንም ኑና እዩ፣ ፍሬን አልነካሁም! ራሷ ናት የቆመችው!»

«ውሸታም!» አለ ዱባለ።

«ሞክረኛ!»

ዱባለ እንዲህ ተብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ቦራን ኮለኮለውና ከፊቷ ገባ፤ ቆመች። እንደገና፣ አሁን ትንሽ ቀረብ ብሎ፤ ቆመች። በሦስተኛው ጭራሽ ፈረሱን መንገድ መሐል ገትሮ ክንዱን አጣጥፎ ጠበቃት፤ መጣች፣ መጣች፣ ዝግ አለች፣ አምስት እርምጃ ሲቀራት ቁጭ። ታሪኩ ውስጥ ሆኖ እጁን ያጨበጭባል። ወይ ጉድ! ዱባለ በዕድሜው እንዲህ ያለ ደስታ ደስ ብሎት አያውቅም። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ መኪና ሲመጣ ዳር ይዞ የኖረ ሰው፣ ዛሬ በአንድ ፈረስ መኪና እንደ ወይፈን አስቆመ!

ደስታውን ብቻውን ሊይዘው አልቻለም። ከኮርቻው ላይ እንዳለ ስልኩን አወጣና በመንገዱ ላይ ያለ ዘመድ ሁሉ ዘንድ ደወለ። «የሙሽራዋ መኪና ሰው ስታይ ራሷ ትቆማለች! መሐል መንገድ ግቡና እዩዋት!» አለ። በመጨረሻም እናቱ ዘንድ ደወለ።

እናቱ እመት አመተሥላሴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቤታቸው መንገዱ አፋፉን ወርዶ ከሚያርፍበት ቦታ ነው፤ የይታይሽ ቤት ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማዶው ላይ ነው። ዳገቱ ጉልበታቸውን ስለሚያሠቃያቸው ሙሽሮቹ ሲያልፉ ይዘዋቸው እንዲሄዱ ነበር ነገሩ። ጉልበታቸው ነው እንጂ የደከመው፣ ሌላው እንዳለ ነው፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩን «ተቀመጥ፣ አልጨረስኩም» የሚሉ ሴት ናቸው።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«መንገድ ዳር ነኛ! ቀሚሴን ቀይሬ ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ይወስዱሻል አላላችሁም?»

«ይወስዱሻል። ግን ዳር ላይ አትቁሚ። ሲመጡ መሐል መንገድ ግቢና እጅሽን ዘርጊ፤ መኪናዋ ራሷ ትቆምልሻለች። ሹፌሩ እንኳ አያስፈልግም!»

«አብደሃል እንዴ አንተ?»

«በሞቴ! ሦስት ጊዜ በዓይኔ አየሁ። እኔ ልጅሽ ልዋሽሽ?»

እመት አመተሥላሴ ሳቃቸውን ለቀቁት። «እንግዲያው ጉድ አሳያቸዋለሁ!» ብለው ስልኩን ዘጉ። የዱባለ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ወሬው ከመኪናዋ ቀድሞ ደረሰ። መጀመሪያ ባገኙት ጎጥ ጎረምሶች መንገዱን በሙሉ ዘግተው ቆመዋል፤ መኪናዋ ቆመች፤ እልልታው ቀለጠ። ሁለተኛው ጎጥ ላይ ሽማግሌዎች ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ፤ ቆመች። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት የታቀፈችውን ልጅ ወደፊት ዘርግታ «ለዚህስ ትቆማለች?» ብላ ጮኸች፤ ለዚያም ቆመች። ዱባለ ከኋላ እየጋለበ ይደርስና «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?» ይላል፤ መኪናዋን እሱ የፈለሰፋት ነው የሚመስለው። ህሊና ከኋላ ወንበር ላይ ሆና በሳቅ ትንፈራፈራለች። ታሪኩም ከመሪው ላይ እጁን እያነሳ ለሕዝቡ ሰላምታ ይሰጣል፤ እግሩን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ መውጣት ብቻ ነበር የቀረው።

ደስታው እስከ ፌስታሏ ድረስ ቆየ። አራተኛው ጎጥ ሳይደርሱ፣ ሰው በሌለበት፣ ሜዳው ላይ ነፋስ አንዲት ጥቁር ፌስታል አንስቶ መኪናዋ ፊት አሻገራት። መኪናዋ በሙሉ ፍጥነቷ ላይ ሳለች ሲጢጥ ብላ ቆመች። የህሊና ግንባር ከፊተኛው ወንበር ጋር ተጋጨ። ከኋላ የነበረው የአይሱዙ ሹፌር ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረግጦ፣ ከነዘመዱ፣ ከነከበሮው፣ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሰዎቹ እላይ በላይ ወደቁ። የአይሱዙው ሹፌር ወርዶ የተናገረውን እኔ እዚህ አልጽፈውም።

መሳፍንት የሚስቱን ግንባር ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሰው ስታይም ትቆማለች፣ ፌስታል ስታይም ትቆማለች! ይሄ ነገር ይጥፋ!» አለ።

«እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም» አለ ታሪኩ አንገቱን እያሻሸ። እውነቱን ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ቻይንኛ ነው። መሳፍንት ግን ፋብሪካ ውስጥ ከቻይኖች ጋር የሚሠራ ጓደኛ አለው። ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ላከለት፤ ጓደኛውም ደውሎ «ከላይ ሦስተኛዋን ንካ፣ ከዚያ ቀዩን ንካ» አለው። ነኩት። አንዲት ቢጫ መብራት በራች።

«አለቀ!» አለ ታሪኩ። «ከእንግዲህ እኔ ካልረገጥኩ አትቆምም።»

ይህን ዱባለ አልሰማም። እሱ ያን ጊዜ ከኋላ ሦስተኛው ጎጥ ቀርቶ ከአንድ ቤት ደጃፍ ላይ ቦራን ውኃ እያጠጣ ለቤቱ ባለቤት የሦስቱን ጊዜ ታሪክ ለአራተኛ ጊዜ እያወራ ነበር። ሲደርስ መኪናዋ ሄዳለች፤ አይሱዙውም ተነሥቶ እያቃሰተ ነው። የጠበቀው መኳንንት ብቻ ነው።

«አጠፏት እኮ» አለው መኳንንት።

«ምኗን?»

«ራሷን የምታቆምበትን ነገር። ለፌስታል ቆማ አይሱዙው ሊደፈጥጣት ነበር። አሁን እንደ ማንኛውም መኪና ናት።»

«እሰይ! እንኳን አጠፏት! ለሰው መቆሙ ሳያንሳት ለፌስታል...» ብሎ ዱባለ ሊስቅ አፉን ከፈተ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

እማዬ!

ስልኩን አወጣ። እናቱ ዘንድ ደወለ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሣም። ዳግመኛ፤ አይነሣም። ለካ ስልካቸውን ድንጋዩ ላይ ትተው ወደ መንገዱ ወጥተዋል! መሳፍንት ዘንድ ደወለ፤ ተይዟል፤ ያን የቻይንኛ አዋቂ ጓደኛውን ማመስገኑ ነው። የሙሽሪት ስልክ ከቦርሳዋ ጋር አይሱዙው ላይ ነው። የታሪኩን ቁጥር ደግሞ ማን ይዞት!

መኪናዋን በመንገዱ ተከትሎ መድረስ የማይታሰብ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አፋፉን ሰባት ጊዜ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ የመጨረሻውን ኩርባ እንደዞሩ እናቱ አሉ። የገበያተኛው የእግር መንገድ ግን ኩርባ አያውቅም፤ ገደሉን ገደሉን ይዞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሰው በዱላ እየተደገፈ፣ አህያ በቂጧ እየተንሸራተተች ነው የሚወርዱት። ፈረስ ጋልቦበት አያውቅም።

«ዱባለ! ተው! ትሞታለህ!» አለ መኳንንት።

«ገድያታለሁ እኮ! በገዛ አፌ ገድያታለሁ!»

በርኖሱን ወርውሮ ቦራን ወደ ገደሉ መለሰው። ፈረሱ አፋፉ ላይ ሲደርስ አንገቱን ነቀነቀ፤ እንቢ አለ። «ቦራዬ፣ በሞቴ፣ የኔ ጌታ!» አለው ዱባለ እያለቀሰ፤ ሁለት ተረከዙንም ጎኑ ላይ ተከለ። ወረደ! ድንጋዩ ከሰኮናው ስር እየተፈነጠረ፣ አቧራው ከኋላ እየተነሣ፣ ዱባለ ጀርባው የፈረሱን ቂጥ እስኪነካ ወደኋላ ተለጥጦ። አንዴ የፊት እግሩ ከዳው፤ በስመ አብ! ተነሣ። ቁጥቋጦ ፊቱን ገረፈው፤ ዓይኑን አልጨፈነም። የመጀመሪያውን አስፋልት አቋረጠ፤ መኪናዋ አልፋለች። ሁለተኛውን አቋረጠ፤ አልፋለች። ሦስተኛውን ሲያቋርጥ ግን ከበላዩ በኩል ነጭ ነገር ብልጭ ሲል አየ። ቀድሟታል! ድምፅ የላትም እንጂ ከኋላው እየመጣች ነው። አይሱዙ ብትሆን እናቱ ጩኸቷን ከሩቅ ሰምተው ይጠነቀቁ ነበር። የዚህችን ግን ማን ይሰማል?

ከታች ታዩት። ነጭ ቀሚስ፣ አዲስ ነጠላ፣ በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ልክ እንዳላቸው፣ አስፋልቱ መሐል፣ እጃቸውን ዘርግተው።

«እማዬ! ውጪ! ውጪ ከመንገዱ!»

እመት አመተሥላሴ ልጃቸው ገደል ለገደል እየጋለበ ሲመጣ ባዩ ጊዜ ለሰርጉ ክብር መስሏቸው ደስታቸው ወሰን አጣ። ምርኩዛቸውን አውለበለቡለት። እልል አሉ! በእልልታው መሐል ጩኸቱ ከየት ይሰማ?

ቦራ የመጨረሻውን እርከን ዘሎ አስፋልቱ ላይ ሲያርፍ ሰኮናው እሳት ተፋ። ዱባለ ጎንበስ ብሎ የእናቱን ክንድ ያዘ።

«ልቀቀኝ!» አሉት። «ላስቆማት ነው!»

«አትቆምም! እማዬ፣ አትቆምም!»

«አንተ አይደለህ ትቆማለች ያልከኝ?»

ለመልስ ጊዜ አልነበረም። መኪናዋ ኩርባውን ዞረች። ዱባለ ያደረገው ነገር ቢኖር ፈረሱን ወደ ጎን አዙሮ በእናቱና በመኪናዋ መካከል ማቆም ነው። ከዚያ ቀና ብሎ ታሪኩን በመስተዋቱ አየው። ልጁ አልደነገጠም። እጁን መሪው ላይ ጣል አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ ይመጣል፤ ልክ እንደ ጠዋቱ። እናትና ልጅን፣ ፈረሱንም ጭምር አይቷቸዋል፤ አይቷቸውም ፈገግ ብሏል።

ሃያ እርምጃ። አሥራ አምስት። «ፍሬን!» ብላ ህሊና ከኋላ ስትጮህ ድምፅዋ በተዘጋው መስተዋት ውስጥ አልፎ ተሰማ።

ያን ጊዜ የታሪኩ ፈገግታ ከፊቱ ላይ እርግፍ አለ። ጎማው ጮኸ፤ ጭሱ ወጣ፤ መኪናዋ አፍንጫዋን አስፋልቱ ላይ ደፍታ ተንሸራተተች። ቦራ በኋላ እግሩ ቆመ። ሲወርድ ሰኮናው የመኪናዋ ግንባር ላይ አረፈ፤ ቆርቆሮው ተጨረማመተ፣ የፊት መብራቷ እንክትክት አለ። ቆመች። በዱባለ ጉልበትና በመኪናዋ መካከል ቡጢ የሚያስገባ ቦታ አልነበረም።

ከዚያ ከፈረሱ ጀርባ እልልታ ተሰማ።

«አስቆምኳት!» አሉ እመት አመተሥላሴ። «አያችሁ? በአንድ እጄ አስቆምኳት!»

ታሪኩ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ጎማው አጠገብ ቁጭ አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ትቆማለች ብዬ...» አለ፤ «እየጠበቅኋት ነበር እኮ። እኔው ራሴ አጥፍቻት፣ እኔው ራሴ እየጠበቅኋት ነበር።»

መሳፍንት ራሱን ያዘ። ህሊና ወርዳ አያቷን አቅፋ ታለቅሳለች፤ እሳቸው ደግሞ «ምን ሆነሽ ነው? ቆመች እኮ!» ይሏታል። አይሱዙውም ደረሰ፣ ፈረሰኞቹም ተከተሉት፤ ዘመዱ ሁሉ እየዘለለ ወረደ፤ እመት አመተሥላሴ ምርኩዛቸውን ዘርግተው መኪናዋን ሲያሳዩት እሱም እልል አለ። ዱባለ ዝም ቢል እንግዲህ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። እናቱ መኪና አስቆሙ፣ ልጃቸው ገደል ጋለበ፤ ለአሥር ዓመት የሚወራ ወሬ ነው። ዝም ማለቱ ጣፍጦትም ነበር፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ግን ከፈረሱ ወርዶ እናቱ ፊት ቆመ።

«እማዬ፣ መኪናዋ አልቆመችልሽም። ጠፍታ ነበር። ይሄ ልጅ ነው በመጨረሻ ፍሬን የረገጠው። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ...»

እመት አመተሥላሴ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። መኪናዋን አዩ፤ የተጨረማመተውን ቆርቆሮ አዩ፤ ከዚያ ልጃቸውን።

«ስንት ጊዜ አየሁ ነው ያልከኝ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ አይተህ እናትህን መሐል መንገድ ገተርክ። በግ ስትገዛ እንኳ ጥርሱን ፈልቅቀህ፣ ላቱን ዳብሰህ፣ ገበያውን ሁለቴ ዞረህ ነው። እኔ ከበግ አንሼብህ ነው ዱባለ?»

ዱባለ በስድስት ፈረሰኛና በአንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው ፊት እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ማንም አልሳቀበትም። እናቱ ትንሽ አስለቀሱትና በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ጠረጉለት። «በል ይብቃህ። ስልክህን አውጣና የደወልክላቸው ሰዎች ዘንድ ሁሉ መልሰህ ደውል። ማታ ሲመለሱ ደግሞ መንገድ ላይ እንዳይገተሩ።»

ደወለ። አብዛኞቹ አላመኑትም፤ «ቅናት ነው!» ያለውም አለ። እሱ ግን አልተቆጣም፤ እየለመነ፣ እየማለ፣ ለሁሉም አንድ በአንድ ነገራቸው።

መሳፍንት ጓደኛው ዘንድ እንደገና ደውሎ የጠፋውን ነገር እንዲያስበራው ይፈልግ እንደሆነ ታሪኩን ጠየቀው። ታሪኩ እመት አመተሥላሴን አያቸው፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው።

«ይህ ነገር ከበራ ትቆማለች?» አሉት።

«ብዙ ጊዜ ትቆማለች፣ እማማ።»

«እንግዲያው አብራው። አንተም ግን አብረህ ንቃ» አሉና የፊተኛውን በር ራሳቸው ከፈቱት። «ልጄ መሳፍንት፣ ሂድ ከሚስትህ ጋር ከኋላ ተቀመጥ። እኔ እዚህ ነኝ።»

ተቀመጡ። መሳፍንት ጓደኛው ዘንድ ደወለ፤ ቢጫዋ መብራት ጠፋች። ቀበቶውን እሰሩልኝ አሉ፤ አሰሩላቸው። ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ሳይሆን የታሪኩ ጫማ ላይ ተከሉ። ዱባለ ቦራ እያነከሰ መሆኑን ስላየ በእግሩ እየሳበው ከፊት ሄደ። ከበሮው እንደገና ተነሣ፤ እልልታው ማዶ ድረስ ተሰማ፤ ከማዶም ይታይሽና ጎረቤቶቿ መለሱለት። በሞት አጠገብ አልፎ ወደ ግብዣ የሚሄድ ሰው እንዴት እንደሚዘፍን ያየ ያውቀዋል፤ ያላየ ደግሞ እንዲህ በወሬ አይገባውም። ዱባለ ሁለት ጊዜ ወደኋላ ዞሮ እናቱን በመስተዋቱ ውስጥ አየ፤ አሉ፤ ደህና ናቸው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ይናገሩ የነበሩት ለታሪኩ ነው። በየኩርባው ላይ «እግርህ!» ይላሉ።

«ፍሬኑ አጠገብ ነው፣ እማማ።»

«አየሁት። እዚያው ይቀመጥ።»

ደግሞ ትንሽ ይሄዱና፣ «እግርህ!»

እስከ ይታይሽ ደጃፍ ድረስ አልተዉትም። ግቢው በሰው ጢም ብሏል፤ ልጆች እየሮጡ መጡ፤ ታሪኩ ከሩቅ አያቸውና ዝግ አለ፤ ቀስ አድርጎ ረገጠ፤ መኪናዋ ቆመች።

«አሁንስ ማን ነው ያቆማት?» አሉ እመት አመተሥላሴ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ጎሽ» አሉና በሩ እንዲከፈትላቸው ጠበቁ።